በቃል የተነገረው ፍሬን

በጋራዡ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ከላይ እስከ ታች ያለው ሁሉ «ክላክስ» ነው የሚላት። አስራ ስድስት ዓመት ሙሉ በሚያጓራ ሞተር አጠገብ ቆሞ ያወራ ሰው ድምፁ እንደ ሌላው ሰው ድምፅ አይሆንም፤ እሷም ገና «ደህና አደራችሁ» ስትል የሰፈር ውሻ ይነሳል እየተባለ ይቀለድባታል። ማዕረጓ ሃምሳ አለቃ፣ ሥራዋ የጦሩን መኪናዎች ማስጠገን ነው። ቱታዋ ጉልበቱ ላይ ሁለት ጊዜ ተጥፏል፤ ጥፍሯ ሥር የገባው ግራሶ ለሠርግም ለለቅሶም አይለቅም። የትኛው መኪና በስንተኛ ማርሽ እንደሚያቃስት ዓይኗን ጨፍና ትነግርሃለች። ይህን ያህል አዋቂ ሆና ሳለ ነው በገዛ እጇ በፈረመችው የውሸት ወረቀት ሰው የሞተው።

በዚያ ጋራዥ አንድ አሠራር ነበር። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ሁሉም ሲገባ አግኝቶታል፣ ሁሉም ለተከታዩ አስረክቦታል። የመኪና ብልሽት አይጻፍም፣ ይነገራል እንጂ። ከተጻፈ መኪናው ከስምሪት ይወጣል፤ መኪናው ከወጣ በየወሩ ወደ በላይ አካል የሚላከው የዝግጁነት መቶኛ ይወርዳል፤ መቶኛው ከወረደ የጋራዡ አለቃ፣ ሻምበሉ፣ ይጠየቃል። ሻምበሉ ደግሞ መጠየቅ አይወድም። ስለዚህ ክላክስ ጠዋት ጠዋት የቢሮው በር ላይ ቆማ «አራት ቁጥር ራዲያተሩ ያፈሳል፣ ሰባት ቁጥር መሪው ይከብዳል» ትላለች። እሱ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል «ተረድቻለሁ፤ ፈርሚ» ይላል። እሷም «ለስምሪት ብቁ ነው» ከሚለው መስመር ሥር ትፈርማለች። መለዋወጫ ሲመጣ ይጠገናል፤ ካልመጣ እግዜር ያውቃል። ለምን ብሎ የጠየቀ አዲስ ሰው ቢኖር መልሱ አንድ ነው፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው ይባላል። በዚህች መልስ ስንት ሰው መቃብር እንደወረደ ግን የሚቆጥር የለም።

ውሃ ቦቴውን የሚነዱት ሾፌር ጡረታቸው ሁለት ዓመት የቀረው ሽማግሌ ናቸው። በማዕረግ ከእሷ ያንሳሉ፤ እሷ ግን ከ«ጋሼ» ሌላ ጠርታቸው አታውቅም። ጋራዥ የገባች ሰሞን ክሪክ የት ላይ እንደሚደገፍ ያሳዩዋት እሳቸው ናቸውና። አንድ ማክሰኞ ጠዋት «ልጄ፣ ፔዳሉ መሬት እየነካብኝ ነው» አሏት። ከመኪናው ሥር ገብታ አየችው። የፍሬን ሸራው አልቆ ብረት ብረትን እየፋቀ ነበር። ሄዳ ለሻምበሉ ነገረችው፤ ያውም ጮክ ብላ፣ «ጌታዬ፣ ይሄ መኪና ሰው ይገድላል!» ብላ ነገረችው።

«ካምፑ ውሃ የለውም፤ ነገ ጎብኚ ይመጣብናል። አንድ ዙር ብቻ ይመላለስ። ፈርሚ» አላት።

ፈረመች። ቦቴው ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን አልያዘም፤ አጥር ጥሶ ከግንብ ጋር ተላተመ። ሽማግሌው ሁለት የጎን አጥንታቸው ተሰብሮ ተረፉ። ከጎናቸው የተቀመጠው ወጣት የሬዲዮ ሠራተኛ እዚያው ሞተ።

መርማሪ ሲመጣ ወረቀቱ ከመዝገብ ወጣ። ወረቀቱ ብቁ ነው ይላል። ሽማግሌው «ኧረ ተናግሬያለሁ» ቢሉ ማን ሰምቷቸው? በፍጥነት አሽከርክረዋል ተብለው ከሆስፒታል አልጋ በቀጥታ ወደ ወታደር እስር ቤት ተወሰዱ። በቀብሩ ዕለት የሟች እናት የሾፌሩን ስም እየጠሩ ሲራገሙ ክንዳቸውን ደግፎ «አይዞዎት እናቴ» ይል የነበረው ማን ነው? ሻምበሉ! ዓይኑን በጨው አጥቦ! ክላክስ ሦስት እርምጃ ርቃ ቆማ ይህን አየች። ቆሽቷ አረረ። ሆኖም ፊርማው የማን ነው? የሷ ነው። ዝም አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋራዡ ውስጥ ያልተሰደበ ቡሎን አልነበረም፤ ንዴቷን ሁሉ መፍቻው ላይ ትወጣው ጀመር። መርማሪው ሁለት ጊዜ ሲጠይቃት ግን ሁለቴም «ወረቀቱ ላይ ያለው ነው» ብላ መለሰችለት።

ሦስት ወር ሊሞላ ሲል ሻምበሉ ቢሮው አስጠራት። ወንበር ስቦ «ተቀመጪ» አላት። በአስራ ስድስት ዓመት ውስጥ በዚያ ቢሮ ተቀምጣ አታውቅም።

«ዓለም አቀፍ ኮርስ መጥቷል» አለ። «የአመራርና የተግባቦት ክህሎት ይባላል። ሌላ አገር ነው፤ ሦስት ሳምንት። ከኛ ሁለት ሰው ይሄዳል። አንዱ እኔ ነኝ፤ ሌላዋ ሴት ትሁን ብለዋል።»

«እኔ የማውቀው ሞተር ነው ጌታዬ።»

«የማታውቂውን ትማሪያለሻ። ምናልባት ድምፅሽንም ትቀንሺልን ይሆናል» ብሎ ሳቀ።

እናቷ በደስታ የሚሆኑትን አጡ፤ ጎረቤቱ ሁሉ እሰይ አለ። እሷም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ጋራዥ ዞር ማለቱን አልጠላችውም። አንድ ጥግ ላይ ሸራ ለብሶ የቆመው የቦቴው ስብርባሪ እያየ የሚከተላት ይመስላት ነበር።

የኮርሱ አዳራሽ ግድግዳው ነጭ፣ ምንጣፉ ግራጫ ነው። ክብ ክብ ጠረጴዛዎች፣ በየጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ፣ ባለ ቀለም እስክሪብቶዎች፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፉ ትናንሽ ቢጫ ወረቀቶች። ከአስራ ሁለት አገር የተውጣጡ ሠላሳ ወታደሮች ተቀምጠዋል። አሠልጣኟ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች የውጭ አገር ሻለቃ ናት፤ የምትለውን ለሁለቱ የሚነግራቸው ከኋላቸው የተቀመጠ አንድ ቀጭን አስተርጓሚ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሻለቃዋ ቅርጫት ይዛ ዞረች። «እዚህ ክፍል ውስጥ ማዕረግ የለም፤ አውልቃችሁ እዚህ ጣሉ» አለች። ሁሉም ከደረቱና ከትከሻው እየላጠ ጣለ፤ ሻምበሉም ጣለ። ከሻይ ዕረፍት ሲመለሱ ግን ቦርሳውን የተሸከመችለት ክላክስ ነበረች። እሱ ሲሰጣት፣ እሷም ስትቀበለው፣ አንዳቸውም ልብ አላሉትም።

ትምህርቱ ስለ መደማመጥ ነው። የሚያወራህን ሰው ዓይን እያየህ አዳምጥ፤ ወደ ፊት ጋደል በል፤ አታቋርጠው፤ ሲጨርስ ያለህን በራስህ አባባል መልሰህ ንገረው፤ ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ በለው። ሻምበሉ ለዚህ ነገር የተፈጠረ ሆኖ ተገኘ። ዱሮም ምላሱ ቅቤ ነው፤ አሁን ደግሞ አንገቱን ዘመም፣ ቅንድቡን ሰብሰብ ማድረግ ሲጨምርበት የሚያየው ሁሉ ሆዱን ሊያጫውተው አማረው። የሌላ አገር መኮንኖች በሻይ ሰዓት ይከቡታል። ሻለቃዋ በሁለተኛው ቀን የሱን አደማመጥ ለክፍሉ በምሳሌነት አሳየች።

የክላክስ ወረቀት በቀይ ተሞልቶ ይመለሳል። ድምፅሽ ያስደነግጣል፣ ጣትሽን አትቀስሪ፣ ከመናገርሽ በፊት በረጅሙ ተንፍሺ የሚል ነው። አንድ ቀን አላስችላት አለና እጇን አወጣች።

«እስቲ ጠይቅልኝ» አለችው አስተርጓሚውን። «የሚያስደነግጥ ነገር ሲኖርስ በምን ዓይነት ድምፅ ነው የሚነገረው?»

አስተርጓሚው ፈገግ እያለ አስተላለፈ። ሻለቃዋ «ጥሩ ጥያቄ ነው» አለችና ደብተሯ ላይ አንድ ነገር ጻፈች። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ርዕስ አለፈች።

በሁለተኛው ሳምንት እሑድ፣ ከምሳ በፊት፣ እናቷ ዘንድ ደወለች። ስልኩን ያነሱት እናቷ ሳይሆኑ የሽማግሌው ሚስት ነበሩ። ድምፃቸውን ስትሰማ የመኝታ ክፍሉ አልጋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

«ልጄ፣ ቤትሽ መጥቼ ስልክሽን ስጠብቅ ነው ያረፈድኩት» አሉ። «ችሎቱ ለሐሙስ ተቀጥሯል።»

«የቱ ሐሙስ እትዬ? እኔ ከተመለስኩ በኋላ ነው አልተባለም እንዴ?»

«የዚህ ሐሙስ ነው። ጋሼሽ፣ ምስክሬ እሷ ናት፣ ጥሩልኝ ብሎ ነበር። ምስክሯ ውጭ አገር ኮርስ ላይ ናት፣ ያለ እሷ ይታያል አሉት። ሻምበላችሁ ነው አሉ ደብዳቤውን የጻፈው።»

ክላክስ ስልኩን ዘጋች። ለካ ያ ወንበር የተሳበላት ለዚህ ኖሯል! ለካ ሴት ትሁን የተባለው፣ እናቷ እልል ያሉለት፣ ይህ ሁሉ ነጭ ግድግዳና የታሸገ ውሃ እሷን ከመንገድ ዞር ለማድረግ ኖሯል! ደሟ ፈላ። ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ደግሞ የሱ ተንኮል አልነበረም፤ እያወቀች ሦስት ወር ዝም በማለቷ መንገዱን ራሷ የጠረገችለት መሆኗ ነው።

ሻምበሉን መመገቢያ አዳራሹ በር ላይ አገኘችው።

«ሻምበል፣ ችሎቱ ሐሙስ መሆኑን ያውቁ ነበር?»

እሱ ትሪውን አስቀመጠ። ወደ ፊት ጋደል አለ። ዓይን ዓይኗን አየ።

«በጣም እንደተናደድሽ ይገባኛል» አላት፣ በዚያ በተማረው ለስላሳ ድምፅ። «ስለ ጋሼ መጨነቅሽን አከብራለሁ። ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ።»

«የጠየቅኩትን ይመልሱልኝ!»

«ተመልሰን አገራችን ስንገባ በሰፊው እንነጋገርበታለን» ብሎ ትሪውን አነሳና ሄደ። ያን ቀን ምሳ ሳትበላ ዋለች፤ ንዴቷን የምትወጣበት መፍቻም ቡሎንም እዚያ አልነበረም።

ማክሰኞ የኮርሱ ትልቁ ልምምድ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በክፍሉ ፊት ቆሞ ለአንድ አለቃ ከባድ እውነት ይነግራል፤ አለቃው በተማረው መሠረት ያዳምጣል፤ ሁለቱም ነጥብ ይሰጣቸዋል። ክላክስና ሻምበሉ አብረው ተመድበው ርዕሱን ቀድመው መርጠዋል፤ የሥራ ልብስ በጊዜ አለመታደሉ የሚል ነው፤ መራጩ እሱ ነው። እሷ ግን ከእሑድ ጀምሮ ሌላ ነገር ስታስብ ቆይታለች። ሠላሳ ወታደር ፊት፣ አሥራ ሁለት አገር እየሰማ ከተናገርኩ ማን ይክደዋል ብላለች። ያደገችበት አሠራር መቼ ለቋት፤ የተነገረ ነገር የደረሰ ይመስላታል።

ተራዋ ሲደርስ ወጣች። በረጅሙ አልተነፈሰችም።

«ሻምበል፣ የውሃ ቦቴው ፍሬን አልቋል ብዬ በር ላይ ቆሜ ነግሬዎታለሁ። ሰው ይገድላል ብዬዎታለሁ። ፈርሚ አሉኝ፤ ፈረምኩ። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ሞተ። ሽማግሌው ታሰሩ። እርስዎ የሟችን እናት አቅፈው አጽናኑ። አሁን ደግሞ እኔን ከችሎቱ ለማራቅ እዚህ አመጡኝ!»

አስተርጓሚው መሐል ላይ ድምፁ ተቋረጠ።

«ተርጉም!» አለችው። «ያልኩትን እንዳለ ተርጉም፤ አንዲት ቃል እንዳትጎድል።»

ተረጎመ። ሻምበሉ ለአንድ አፍታ ፊቱ ዓመድ መሰለ፤ ከዚያ ደሙ ተመለሰለት። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ጋደል አለ።

«የሰማሁትን ልድገመው» አለ። «በአንድ ሰው ሞት በጣም ማዘንሽን፣ እኔም እንዳልሰማሁሽ እንደተሰማሽ ነው የተረዳሁት። ይህን ለመናገር ትልቅ ድፍረት ይጠይቃል። ስላመንሽኝ አመሰግንሻለሁ።»

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። አንድ ወፍራም መኮንን ዕንባውን ጠረገ። ሻለቃዋ ፊቷ በርቶ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፤ ለሻምበሉ ዘጠኝ ከአሥር፣ ለክላክስ ስድስት ከአሥር።

«በጣም የሚያሳምን ምሳሌ ነው የፈጠራችሁት» አለ አስተርጓሚው፣ የሻለቃዋን ቃል እያስተላለፈ። «ነጥብሽ የቀነሰው በድምፅሽ ምክንያት ነው።»

ምሳሌ! የሰው ልጅ ሞት፣ የሽማግሌ እስር፣ የሷ የሦስት ወር ቃጠሎ ምሳሌ ተብሎ ስድስት ከአሥር ተሰጠው! ሌላ ሰው ቢሆን ሰሌዳውን ይነቅለው ነበር። እሷ ግን ሰዉ ለሻይ እስኪወጣ ጠብቃ አስተርጓሚውን በክንዱ ይዛ ሻለቃዋ ፊት አቆመችው።

«ንገራት። ምሳሌ አይደለም። የሆነ ነገር ነው፤ ሐሙስ ሽማግሌው ሊፈረድባቸው ነው።»

ሻምበሉ ከበሩ ተመለሰ። «ደክሟታል፤ አገሯ ናፍቋታል» አለ እየሳቀ።

ሻለቃዋ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየች። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ከፊቷ ጠፋ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ የተጻፈ ነገር አለ ወይ አለች።

«የለም» አለች ክላክስ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ነው ነገሩ የገባት። በጋራዡ በር ላይ የተናገረችውም እንዲሁ ነፋስ ወስዶታል፤ አሁን የተናገረችውም በሻይ ዕረፍት ሊያልቅ ነው። «ወረቀት ስጡኝ።»

ከቢጫዎቹ ወረቀቶች አጠገብ አንድ ሙሉ ነጭ ወረቀት ተሰጣት። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ብልሽት ጻፈች። የመኪናውን ቁጥር፣ የሸራውን ሁኔታ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምን እንዳለችና ምን እንደተባለች ጻፈች። «ብቁ ሳይሆን ብቁ ነው ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ለመርማሪም የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ሾፌሩ ፍሬኑ መበላሸቱን አስቀድመው ነግረውኛል» ብላ ጨርሳ ፈረመች። ሻለቃዋ ክላክስን ይዛ ቢሮ ገባች፤ አስተርጓሚው አድራሻውን ፈለገ፤ ወረቀቱ በፋክስ ማሽን አልፎ በዚያው ሰዓት ወደ ወታደራዊው ችሎት ተላከ።

ሻምበሉ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። አሁን ጋደል አላለም።

«አብደሻል እንዴ? ራስሽን ነው ያሰርሽው።»

«አውቃለሁ።»

«የምትኖሪበት ቤት የጦሩ መሆኑንስ ታውቂያለሽ? እናትሽን የት ልትጥያቸው ነው?»

«የኔን እናት ለኔ ተዋት!» አለችው። ያለፈ ያገደመው ሁሉ ዞር ብሎ አየ። በአስራ ስድስት ዓመት ውስጥ «አንተ» ብላ ስታናግረው ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ችሎቱ ሐሙስ ዕለት ደብዳቤውን ተቀብሎ ምስክሯ ስትመለስ ትቅረብ አለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀረበች። ሦስት መኮንኖች ከረጅም ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠዋል።

«ለሻምበሉ የነገርሽው በጽሑፍ ነው?»

«በቃል ነው።»

«የሰማ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ፊርማው ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው።»

ሻምበሉም ቀረበ። ዩኒፎርሙ ተተኩሶ፣ ድምፁ ለስልሶ፣ የዳኞቹን ዓይን ተራ በተራ እያየ «እንዲህ ያለ ነገር ቢነገረኝ ኖሮ መኪናውን ራሴ አቆመው ነበር» አለ። ሲናገር እውነት ይመስላል። እሷ ስትናገር ግን ጸሐፊዋ ጆሮዋን ትይዛለች፤ የመሐሉም ዳኛ ሁለቴ «ድምፅሽን ቀንሺ» ብሏታል።

ፍርዱ ተነበበ። ሾፌሩ ነፃ ናቸው። ክላክስ ማዕረጓ ተገፎ አሥር ወር ትታሰር። ሻምበሉ የቃል ሪፖርት ስለመቀበሉ ማስረጃ ስላልቀረበ፣ ለወደፊቱ ሰነድ አያያዙ ላይ እንዲጠነቀቅ ተመከረ። ተመከረ! በዚያው ወር ለጦሩ መኮንኖች ሁሉ የመደማመጥ ሥልጠና እንዲሰጥ ተመድቦ ኮርሱ የሰጠውን የምስክር ወረቀት ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ይህንን ሰምቶ የማይናደድ ሰው ካለ ምን ይባላል?

ከችሎቱ ሲወጡ ሽማግሌው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። ከስተዋል፤ ሚስታቸው ክንዳቸውን ይዘዋል። ክላክስ ወደ እስር ቤት የሚወስዳትን አጃቢ አስቁማ እጇን ዘረጋች።

«ጋሼ፣ እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት።»

እጇን አዩት፤ አልጨበጡትም።

«ከሦስት ወር በላይ» አሉ ቀስ ብለው። «አንቺ ውጭ ሆነሽ ታውቂ ነበር፤ እኔ ውስጥ ነበርኩ።»

«እውነትዎን ነው ጋሼ።»

«እኔስ ይኸው ወጣሁ። የዚያ ልጅ እናት ግን ዛሬም የሚራገሙት እኔን ነው። እዚህ ማን ምን እንዳለ ማን ይነግራቸዋል? ቤታቸው ከገበያው ጀርባ ነው። ሂጂና እኔ ነኝ የፈረምኩት በያቸው። ደብዳቤ እንዳትልኪ፤ ማንበብ አይችሉም፤ የሌላ ሰው ቃልም አያምኑም። ዓይናቸውን እያየሽ በአፍሽ ንገሪያቸው። ከዚያ በኋላ እጅሽን እጨብጣለሁ።»

«አሁን እሄዳለሁ! አሁኑኑ!» ብላ ዞረች። አጃቢው እጅጌዋን ያዘ።

«ወዴት ነው?»

«ገበያው ጀርባ። ግማሽ ሰዓት ብቻ ስጠኝ፤ አንዲት ነገር ተናግሬ ልመለስ። አንተው ራስህ ውሰደኝ።»

አጃቢው ክፉ ሰው አልነበረም። ሰዓቱን አየ፤ ግቢው ውስጥ ሞተሩ ሳይጠፋ የቆመውን መኪና አየ።

«አይቻልም እቴ» አላት። «ስትወጪ ትነግሪያቸዋለሽ።»

«አሥር ወር?» አለች። «አሥር ወር ሙሉ እሳቸውን ሲራገሙ ይክረሙ?» እየጎተተ ደረጃውን ሲያወርዳት በሙሉ ድምፅዋ ጮኸች። «የፈረምኩት እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ንገሩልኝ!»

ከላይኛው ፎቅ አንድ መስኮት ተከፈተ። የችሎቱ ጸሐፊ ብቅ ብላ አየቻትና መስኮቱን መልሳ ዘጋችው።